ምግብ አልወርድ ያለው ሰው ወረፋ

ከሐገረ ሰላም ወይም ከኮኮሳ ደጋ ወርዶ ሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል የሚደርስ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሕመምተኛ፣ ብዙውን ጊዜ አጥሚት እንኳ የሚተናነቀው ሰው ነው። ሲጀምረው ሥጋና ቆሎ ደረቱ ላይ ይቆሙበት ነበር። «ጨጓራ ነው» ተባለ፤ ኦሜፕራዞል ገዝቶ ዋጠ። ቃሩ ጋብ ሲል የዳነ መሰለው። ከወራት በኋላ ቆጮም እንቢ አለ። የባህል መድኃኒት ተቀመሰ፣ ጸሎት ተደረገ፣ በመጨረሻ ጥጃ ተሸጦ ለመንገድ ሲበቃ ሰውየው ከስቶ ቆዳና አጥንት ሆኗል።

ያው ሕመም ሀዋሳ ፒያሳ ሱቅ ያለውን ነጋዴ ሲጀምረው ነገሩ ሌላ ነው። ሥጋው አልወርድ ባለው በሳምንቱ የግል ክሊኒክ ገብቶ ቧንቧው በካሜራ የሚታይበት ኢንዶስኮፒ ይሠራለታል፤ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ ይላካል። አዲስ አበባ የሚያሳርፈው ዘመድም አያጣም። በሽታው ሁለቱን አልለየም። የለያቸው ካሜራው ቧንቧው ውስጥ የገባበት ቀን ነው።

ይህን ቀን አቅልለን ልናየው አንችልም። በአሜሪካ በሽታው ከቦታው ሳይወጣ ከተያዘላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ሌላ አካል ተሠራጭቶ ከተገኘባቸው ግን ከ20 አንዱ ብቻ። ቧንቧው የሚለጠጥ ስለሆነ፣ ምግብ መከልከል ሲጀምር ዕጢው አድጎ መተላለፊያውን አጥብቦታል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ «አልወርድ አለኝ» የምትለው ቃል ራሷ ዘግይታ የመጣች ናት። ከእሷ በኋላ በኦሜፕራዞል የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር ከቀዶ ሕክምና ተስፋ ላይ ይቀነሳል። ያረፈደው ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ምግብ እንዲያሳልፍ ቧንቧው ውስጥ ስቴንት የሚባል ማስፊያ ቱቦ ይገባለታል፤ እሱም ከተገኘ።

አገራችን ደግሞ በዚህ በሽታ በዓለም በሚታወቀው መስመር ላይ ናት፤ መስመሩ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ በኩል እስከ ማላዊ ይወርዳል። አርሲና ባሌ በእኛ በኩል በስም የሚጠሩ ናቸው። በጣም ትኩስ መጠጥ አንዱ ተጠርጣሪ ነው፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል መድቦታል። ቡናውንና አጥሚቱን ትንሽ አብርዶ መጠጣት ምንም አያስከፍልም።

ሀዋሳ ሪፈራል በ1998 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሲዳማ፣ ከአርሲ፣ ከባሌና ከጉጂ የሚመጣውን ሕመምተኛ ተሸክሟል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ለብዙ ገበሬ ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ ይህን የሚያጣጥል ሰው የመድን ደብተር በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ አላየም። ግን መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ሰንሰለቱን ለተከተለ ነው። ሰንሰለቱ ለወባና ለወሊድ ያገለግላል። ምግብ አልወርድ ላለው ሰው ግን እያንዳንዱ ደረጃ አዲስ ካርድ፣ አዲስ ወረፋ፣ አዲስ የኦሜፕራዞል ማዘዣ ይሆንበታል። መድኃኒቱ በመንግሥት ፋርማሲ ከሌለ ከውጭ በኪሱ ይገዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሕግ አክብሮ በደረጃው የመጣው ሰው፣ ሰንሰለቱን በገንዘብ ከዘለለው ሰው ቀድሞ የሚሞት መሆኑ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ «ሲውጡ ደረትዎ ላይ ይቆምብዎታል?» ብለው ይጠይቁ። «አዎ» ያለ ጎልማሳ ከተራ የጨጓራ ታካሚ ተለይቶ፣ ከጤና ጣቢያ በቀጥታ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይጻፍለት፤ እዚያም ከወረፋው ፊት ይግባ። የምርመራውንና የፓቶሎጂውን ዋጋ መድኑ ይቻል፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ሕመምተኛው ወደ ግል ተቋም ከተላከም እንዲሁ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የሲዳማና የኦሮሚያ ጤና ቢሮዎች ተስማምተው አንድ ደብዳቤ ለጤና ጣቢያዎች ቢጽፉ ሥራው ይጀመራል።