ካርታና አጥር ሲጣሉ

ሰሞኑን ለቤተሰብ ዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት የጻፉት ነው። ወንድማቸው በናይሮቢ ዳርቻ ቤት ሠርቶ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ቤቱ ሲሠራ እርሳቸውና ባለቤታቸው ከደመወዝ ቆጥበው አግዘውታል፤ አሁን ሲሸጥም ድርሻቸው ተልኮላቸው ለልጆቻቸው መጠለያ ሊያሠሩበት ተስፋ አድርገዋል። ይሁን እንጂ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ገዢው ያመጣው ቀያሽ ካርታውንና ግቢውን ቢያስተያይ፣ የምሥራቁ የግንብ አጥር ሁለት ሜትር ያህል ወደ ጎረቤት መሬት የገባ ሆኖ አገኘው። ገዢው «ወይ ዋጋ ቀንስ፤ ወይ ቀብዴን መልስ» ይላል። ወንድምየው ደግሞ ጎረቤቱ ሳይሰማ ግንቡን አፍርሶ ወደ ውስጥ ሊያስገባው አስቧል። «ምን ብለን እንምከረው?» ሲሉ እህታችን ይጠይቃሉ።

ግንቡ እንዳይነካ ዛሬውኑ ይንገሩት። በኬንያ ሕግ የወሰን ምልክትን ያለ መዝጋቢው ፈቃድ ማፍረስ ወይም ማንሳት ወንጀል ነው። ከዚህም በላይ ያ ግንብ የወንድምዎ ዋና ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ በገዛ እጁ ካፈረሰው የካርታውን ስሕተት ራሱ እውነት አደረገው ማለት ነው።

ማኅተም ያረፈበትን ካርታ አጥር እንዴት ይረታዋል? ይባል ይሆናል። በኬንያ ሁለት ዓይነት ወሰን አለ። አንደኛው በመሣሪያ ተለክቶ ችካል የተተከለለት፣ ልኩም በፕላን የሰፈረ የጸና ወሰን ነው። ሁለተኛው አጠቃላይ ወሰን የሚባለው ሲሆን ከከተማዋ ወጣ ብሎ በተለይ በኪያምቡ በኩል በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የተመዘገበ መሬት ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ2012ቱ የመሬት ምዝገባ ሕግ እንደሚሉት፣ ወሰኑ የጸና መሆኑ በመዝገብ ካልተጻፈ በቀር ካርታው የሚያሳየው የመሬቱን ግምታዊ ወሰንና ግምታዊ ሥፍራ ብቻ ነው።

የዚህ መነሻ ወደ 1950ዎቹ ይመልሰናል። በቅኝ አገዛዝ ዘመን በማዕከላዊ ኬንያ የተበጣጠሰው መሬት ተሰባስቦ ሲደለደል ሥራው በጥድፊያ ተካሄደ። ገበሬው በድንበሩ ላይ አጥር የሚሆን ተክል ይተክላል፤ ካርታው ደግሞ ከአውሮፕላን ከተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ይነደፋል። ሸንተረርና ሸለቆ በፎቶግራፍ ላይ ርቀትን ያዛባሉ፤ የኪያምቡ አገር ደግሞ ሸንተረርና ሸለቆ ነው። በኋላ ያ የእርሻ መሬት እየተሸነሸነ ቤት ሲሠራበት የካርታው ጉድለት አብሮ ተወረሰ።

ሃምሳ አለቃው ካርታ ማንበብ የተማሩ በመሆናቸው ሒሳቡን ለቤተሰባቸው ማስረዳት አያቅታቸውም። በ1 ለ2,500 መጠን በተነደፈ ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት መሬት ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። የነዳፊው መሥመር ግማሽ ሚሊሜትር ቢወፍር እንኳ አንድ ሜትር ከሩብ ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ጠብ ያስነሣው የሁለት ሜትር ልዩነት እንግዲህ በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። በዚህ ተመርኩዞ ግንብ ማፍረስ፣ አገር አቀፍ የመንገድ ካርታ ይዞ የምሽግ ቦታ እንደ መምረጥ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ ወንድምዎ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ይዞ ከመዝገቡ ላይ የወሰኑን ዓይነት ያረጋግጥ። ወሰኑ የጸና ከሆነ ችካሎቹ ይፈለጋሉ፤ ግንቡ በእርግጥ አልፎ ከተገኘም ከጎረቤት ጋር በግልጽ መነጋገር እንጂ ሌላ መላ የለውም። አጠቃላይ ወሰን ከሆነ ግን ለመሬት መዝጋቢው ማመልከቻ ይቀርባል። ፍርድ ቤት ከመሄድ ማንም አይከለክለኝም ብሎ እንዳይቸኩል፤ ሕጉ ወሰኑ አስቀድሞ በዚህ መንገድ ካልተወሰነ ፍርድ ቤት ክርክሩን እንዳይሰማ ያግዳል። መዝጋቢው ማስረጃ ይቀበላል፤ የቆየ አጥርና የነባር ጎረቤቶች ቃልም እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። ከዚያ በኋላ ወሰኑ ይጽና ከተባለ ለአዋሳኞች ሁሉ ማስታወቂያ ተሰጥቶ፣ ልኩ ተወስዶ በመዝገብ ይሰፍራል። በድጋሚ ልኬት የመሬቱ ስፋት ስሕተት ሆኖ ከተገኘም መዝጋቢው ለሚመለከታቸው አሳውቆ ለማረም ሥልጣን አለው።

ጎረቤቱን በማስታወቂያ ከመጥራት በፊት ቡና ጠርቶ ነገሩን ማጫወት ይበልጥ እንደሚቀና እናምናለን። ግንቡ ሲሠራ ቆሞ ያየና ያልተቃወመ ሰው ከሆነ ቃሉ ከማንም ቀያሽ መሣሪያ የሚያንስ አይደለም። በሌሊት የፈረሰ ግንብ ሲያይ ግን ማንም ቢሆን ይጠራጠራል።

ከገዢው ጋር ያለውን ውል በተመለከተ፣ ዋጋ ለመቀነስ አሁን መስማማት የሌለን ዕዳ እንደ መቀበል ነው ብለን እናስባለን። ቀኑ እንዲራዘም፣ ቀብዱም እስከዚያ በጠበቃ እጅ እንዲቆይ በጽሑፍ ይስማሙ። ገዢው ሸሽቶ ቢሄድ እንኳ ወሰኑ ሳይጠራ የሚመጣው ሌላ ገዢም ያንኑ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። በደብዳቤዎ የወንድምዎን ሚስት አላነሡም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የኬንያ የጋብቻ ንብረት ሕግ መሠረት የባልና ሚስት የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም። እርሳቸው ስለ ሽያጩ ተጠይቀዋልን? ስለ ግንቡስ የሚያውቁት ይኖር ይሆን? ቤት ሲሠራ ከአናጢና ከግንበኛ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ብዙውን ጊዜ እመቤቲቱ ናቸው። መልሳቸው ሲደርስዎ ይጻፉልን።