«ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው» ላልሽኝ እህቴ

ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መሃል አንዷ እንቅልፍ ነስታኝ ነው የሰነበተችው። ስለዚህ ዛሬ ቀልዱን እናቆየውና ቁም ነገር እናውራ።

ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ስሜም ሰፈሬም እንዳይጠቀስ ስላለች አልጠቅስም። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ከፍቅረኛዬ ጋር 2 ዓመት ሆነን። መጀመሪያ ላይ ቅናቱ ደስ ይለኝ ነበር። ስልኬን ይበረብራል፣ ከማን ጋር እንደዋልኩ ይጠይቃል፣ ይሄን ልበሺ ያንን አትልበሺ ይለኛል። ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው እል ነበር። ባለፈው ፋሲካ ዘመድ ቤት አመሸሽ ብሎ በጥፊ መታኝ። በማግስቱ እያለቀሰ፣ ጫማ ገዝቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅር አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሞኛል። በቃኝ ስለው ‹የእኔ ካልሆንሽ የማንም አትሆኚም፤ ያን ፊትሽን ነው የማበላሸው› አለኝ። ለእናቴ ብነግራት ‹ወንድ ልጅ ሲናደድ የሚለው አያልቅም፣ ታገሺው› አለችኝ። ልታገሰው ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፦ አትታገሺው። ግን ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተከራይቼ የነበረውን ቤት ከጎረቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ሳል እንኳ ያሰማል። አንድ ሌሊት ሰውዬው ሚስቱን ሲደበድብ ሰማሁ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግኩ! አዎ፣ እኔው፣ በጋዜጣ ሰው የምመክረው። «በባልና በሚስት መሃል አይገባም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጠዋት ቧንቧው ጋ ስንገናኝ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። «እንደምን አደርሽ?» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። መስማቴን አውቃለች። ማወቋን እኔም አውቄያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሌላ ቀን ድጋሚ ጩኸቱ ሲጀመር ግን ተነስቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውዬው ከፈተ። «ክብሪት አላችሁ?» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ክብሪቱን ሰጠኝ። እኔም ስለ መብራት ቆጣሪው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ምናምኑ እያወራሁ በር ላይ አቆምኩት። ንዴቱ በረደ። ከሳምንት በኋላ ሴትዬዋ ቧንቧው ጋ ቀስ ብላ «ክብሪቱ አለቀ እንዴ?» አለችኝ። ገባኝ። ከአከራያችን ከእማማ ጋር ተመካክረን ልብሷንና የልጇን ዕቃ ይዛ እህቷ ቤት እንድትገባ ረዳናት። ሰውዬውን በአንዴ መልአክ አላደረግነውም፤ እሷ ግን ብቻዋን እንዳልሆነች አወቀች።

ይሄን ያነሳሁት ለምን መሰለሽ? አንቺም የመጀመሪያው ሥራሽ ብቻሽን አለመሆን ነው። እናትሽ ካልሰማችሽ ለአክስትሽ፣ ለወንድምሽ፣ ለጓደኛሽ ንገሪ። አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ሦስት ሰው ይወቅልሽ።

ሁለተኛ፣ «አይ፣ ለወሬ ነው እንጂ አያደርገውም» አትበይ። በጥር 1999 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ወጣት ፊቷ ላይ አሲድ ተደፍቶባት አገር ምድሩ ሲያለቅስ ታስታውሱ ይሆናል። ጥቃት አድራሹ እኮ ከሰማይ አልወረደም፤ ለዓመታት ሲከታተላትና ሲያስፈራራት የኖረ ሰው ነው። ማስፈራራት ራሱ በሕግ የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። ስለዚህ የላከብሽን መልእክት አታጥፊው፤ ለምታምኛት ጓደኛሽም ላኪላት። የመታሽንና የዛተብሽን ቀን ጻፊ። ከዚያ ከጓደኛሽ ጋር ሆነሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ። አቤቱታሽን ሳያስመዘግቡ «ታረቁ» ብለው ቢሸኙሽ በዚያ አትመለሺ፤ ኃላፊውን ጠይቂ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ደግሞ ቤት ውስጥ መቆየት ላልቻሉ ሴቶች መጠለያ አለው።

ሦስተኛ፣ ልብ በይ፦ እንዲህ ያለ ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ስትለዪው ነው። ስለዚህ «ለመጨረሻ ጊዜ ቤት መጥተሽ እናውራ» ቢልሽ እንዳትሄጂ። መናገር ካለብሽ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ወይ በስልክ ይሁን። የምትመላለሺበትን መንገድና ሰዓት ለውጪ። መታወቂያሽና የትምህርት ማስረጃሽ እሱ እጅ ካሉ አስቀድመሽ አውጪ። የስልክሽን የይለፍ ቃልም ቀይሪ።

አራተኛው የሚከብድ ነው፤ ግን ሁሉም ሴት ልታውቀው ይገባል። አስገድዶ መድፈር ከደረሰ ሰዓት ወርቅ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ሲወሰድ ነው። ለምርመራ ሳትቀርቢ አትታጠቢ፤ ልብሱንም ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት ያዢ። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የፖሊሱንም ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለው። እርግዝና ከተከሰተም ሕጉ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ለዚህ የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ነው።

«ሕጉስ ምን ይላል?» ለምትሉ፦ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይሄን ቀዳዳ ዘጋ። ዛሬ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ልጅቷ ዕድሜዋ ካነሰ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። የትዳር ጓደኛን መደብደብም ወንጀል ነው፤ «የቤት ገመና» አይደለም። ሽማግሌ ለእርቅ ጥሩ ነው፤ በፍርድ ቤት ቦታ ግን አይቀመጥም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ወንዶቹ ልምጣ። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን ተረት ስንሰማ እየሳቅን አድገናል። እኔም ስቄያለሁ። ግን ወንድሜ፣ አለቃህ ሲያበሽቅህ በጥፊ ትለዋለህ? አትለውም። ትራፊክ ፖሊስ ሲቀጣህስ? ድምፅህን እንኳ አታወጣም። ታዲያ «ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ» የምትለው እሷ ፊት ብቻ የሆነው ለምንድነው? ንዴቱ አይደለም፤ ምንም አታመጣም ብለህ ነው። ጓደኛህም «ትናንት አቀመስኳት» ብሎ ሲፎክር አትሳቅለት። ፊትህን አጥቁርበት። አንድ ሰው ካልሳቀ ወሬው ይቀዘቅዛል።

እህቴ፣ ጫማውን መልሺለት። ይቅርታ መጠየቁን አልጠላሁም፤ ግን ከይቅርታው በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሟል። ጥፊ ላይ ጫማ ተጨምሮበት ፍቅር አይሆንም። እናትሽንም አትቀየሚያቸው፤ እሳቸውም «ታገሺ» ተብለው ያደጉ ይሆናል። ይሄን ጋዜጣ አንብቢላቸው።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ግድግዳችሁ ስስ ከሆነ ክብሪት ጠይቁ። ነግ በኔ ነው። ለሳምንት ሰው ይበለን!