የአንቀልባው ሽታ

ነፍሰ ጡሯ ልጄ ሰሞኑን አዲስ ሽቶ ተቀብታ መጣች። አበባ አበባ አይልም፤ የቆዳ ሽቶ ነው። ሲረጩት ይቆጣል፤ ጭስ ጭስ፣ መረር ይላል። ገላ ላይ ሲቆይ ግን ይለሰልሳል፣ ይሞቃል። የሴት ሽቶ አይመስልም እንዳልል፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ፓሪስ ውስጥ ጀርሜን ሴልዬ የተባለች ሽቶ ቀማሚ ለሴቶች ኃይለኛ የቆዳ ሽቶ ሠርታለች። ስሙ «ባንዲ» ነው፤ ሽፍታ ማለት።

እኔን ግን የመለሰኝ ሰቆጣ ዙሪያ፣ እናቴ ጀርባ ላይ ነው። ቅቤ የጠጣ ቆዳ፣ የምድጃ ጭስ፣ የእናት ላብ፤ የአንቀልባ ሽታ!

እናቴ ልታርሰኝ አዲስ አበባ ስትመጣ ያንኑ አንቀልባ ይዛልኝ ነበር። «ይሸታል» ብዬ ልጄን በፎጣ አዘልኋት። እናቴ ምንም አላለችም፤ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ዕቃ ቤት ውስጥ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ጣልሁት።

ልጄ ይህን ሰምታ፣ «እማዬ፣ ለዚህ ሽታ እኮ ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልሁት! ታዲያ እኔ ልጄን በምን ላዝለው ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ወላጆች፣ አያቶች፦ ቤታችሁ አንቀልባ ካለ ቅቤ አስነኩትና ጥላ ውስጥ ስቀሉት። አንድ ቀን የሚጠይቃችሁ አይጠፋም።