ስለ ፍጥነት ካሜራና ስለ ትምህርት ቤት በር



በሌላው ዓለም ፖሊስ በትምህርት ቤቶች አጠገብ የመኪና ፍጥነት የሚመዘግብ ካሜራ እያቆመ ሕፃናትን ከአደጋ መጠበቁ የታወቀ ነው። ለእኛም አገር ይህ ያስፈልጋል የሚሉ ስላሉ፥ በበኩሌ ከፓዌ ሆኜ የሚታየኝን ለመጻፍ ወደድሁ።

መሣሪያው መልካም መሆኑን አልክድም። የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በትምህርት ቤት አካባቢ ካሜራ በተከለባቸው ቦታዎች፥ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ የሚነዱት ሰዎች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ቅጣቱ 50 ዶላር ብቻ ነው። ሾፌሩን ያስፈራው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው። ካሜራ አማች የለውም፤ የአገር ልጅ አይለይም፤ «ለዛሬ ማረኝ» ቢሉት አይሰማም።

ነገር ግን ካሜራው የሚያየው ሰሌዳን ነው። በሰሌዳው ቁጥር የባለቤቱ ስም ከመዝገብ ይወጣና የቅጣቱ ወረቀት በፖስታ ከቤቱ ይደርሳል። በእኛ አገር ደብዳቤ የሚደርሰው እስከ ፖስታ ሣጥን ድረስ ነው። ከዚህም ሌላ በገጠር ከተሞች በልጆች መካከል የሚከንፈው አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ነው፤ ከእነዚህም ሰሌዳ ያልለጠፈ አይጠፋም። ይህን ካሜራ ፎቶግራፍ ቢያነሣው ማንን ይከሳል?

ፓዌ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፥ ከከምባታና ከሀዲያ፥ ከሌላም አገር የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። መንደሮቹ በቁጥር ተመሥርተው ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ። ተራርቀው ስለ ተሠሩ፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከመንደሩ ወጥቶ በመኪና መንገድ ዳር በእግሩ ይመጣል። ጧትና ከሰዓት በኋላ መንገዱ የልጆች ነው ማለት ይቻላል።

አሁን በሒሳብ እንየው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር፥ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ 5 ሜትር ያህል ተስቦ ይቆማል። ድምሩ 13 ሜትር ነው። በ60 የሚነዳው ግን በዚያችው አንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ሄዷል። እንግዲህ ልጁ በ14 ሜትር ርቀት ላይ ቢገኝ የፊተኛው ሾፌር ከፊቱ ይቆምለታል፤ የኋለኛው ገና ፍሬኑን ሳይነካ ይመታዋል። በክረምት ጭቃ ላይማ ነገሩ የባሰ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፥ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሁሉ አብልጦ የሚገድለው የመንገድ አደጋ መሆኑን ገልጿል።

በብዙ ከተሞቻችን ፊሽካ ይዞ በትምህርት ቤት በር መኪና የሚያስቆመው የተማሪ ትራፊክ ነው። ልጆቹ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ሆኖም የ12 ዓመት ልጅ በሲኖትራክ ፊት ቆሞ ጓደኞቹን ሲያሻግር ባየሁ ቁጥር፥ ይህ ሥራ የማን ነው እያልሁ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። በየትምህርት ቤቱ በር ግራና ቀኝ በመጀመሪያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ። ጉብታ ሰሌዳ አይጠይቅም፥ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፥ ልጁም ከመመታቱ በፊት ያዘገያል። ቀጥሎ በአዲስ አበባ የትራፊክ ፖሊሶች በእጃቸው ይዘው የሚጠቀሙበት የፍጥነት መለኪያ ራዳር ለወረዳዎችም ይታደል። ፖሊሱም ቀኑን ሙሉ ባይሆን፥ ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ብቻ ይቁምልን። ካሜራው በሦስተኛ ደረጃ ይምጣ፤ ሲመጣም ቅጣቱን በፖስታ ከመላክ ይልቅ ባለ መኪናው ዓመታዊ ቦሎውን ሲያሳድስ እንዲከፍል ይደረግ፤ ያልከፈለም ቦሎ አያግኝ። ሰሌዳ የሌለው ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ግን ካሜራ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም፤ ፖሊስ ዛሬውኑ ሊያስቆመው ይችላል።

ጉብታውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ድንጋይ፥ አሸዋና ጥቂት ሲሚንቶ ነው። ወላጆች በጉልበት፥ ወረዳው በሲሚንቶ ቢተባበሩ፥ በመስከረም ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከፓዌ