ከአደጋ በፊት የሚሰጥ እውቀት

በጉርምስና ዕድሜ ላይ የሚገኙ ልጆች ድንገተኛ አደጋ ከሰው ነጥሎ ሲያስቀራቸው ራሳቸውን እንዲያቆዩ ማዘጋጀት፣ በአብዛኛው ባትሪ፣ ክብሪትና የታሸገ ምግብ የያዘ ቦርሳ እንደ ማሰናዳት ይታሰባል። የዕቃው ጥቅም አያከራክርም፤ ሆኖም አደጋው በደረሰ ጊዜ ቦርሳው በአጠገባቸው ላይኖር ስለሚችል፣ አስቀድመው በእጃቸው እየሠሩ የለመዱት ነገር ይበልጥ ያስተማምናል።

በኮሎምቢያ የአማዞን ደን የሆነው ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ተከስክሳ ሦስት አዋቂዎች ሲሞቱ፣ እናታቸውን በዚያው ያጡ አራት የሁይቶቶ ብሔረሰብ ልጆች ተረፉ፤ ታላቂቱ የ13 ዓመት ልጅ ስትሆን ከታናናሾቿ አንዱ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። ታላቂቱ ፋሪኛ የተባለውን፣ ከካሳቫ ሥር የሚዘጋጅ ደረቅ ዱቄት ከስብርባሪው አውጥታ አብረው ተመገቡ፤ እርሱ ሲያልቅም የደኑን ፍሬና ዘር እየለቀሙ ፈላጊዎች እስካገኟቸው እስከ ሰኔ 2 ድረስ፣ 40 ቀን ያህል፣ ቆዩ። የሚበላውን ፍሬ ከሚመርዘው መለየትን ያወቀችው፣ ሕፃን መያዝንም የለመደችው፣ በቤተሰቧ መካከል በዘወትር ኑሮ ነው፤ ለልጆቻቸው ሁሉን ሠርተው የሚያቀርቡ ወላጆች ሳያስቡት የሚነፍጓቸው ይህንኑ ነው።

በፍለጋው ወቅት ወታደሮች የአያታቸውን ድምፅ ቀርጸው፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ባሉበት እንዲቆዩ በድምፅ ማጉያ ከሄሊኮፕተር ያሰሙ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጠፋ ሰው ሊርቅ የሚችለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መፈተሽ ያለበት የመሬት ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ጎርፍ ወይም እሳት ካላስገደደ በቀር አንድ ቦታ ረግቶ ምልክት ማሳየት የሚመረጠው ስለዚህ ነው፤ ለተደናገጠ ጎረምሳ ግን ከመሮጥ ይልቅ መቀመጥ እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ ቀድሞ ሊነገረውና ሊለማመደው ይገባል።

ሌላው በቸልታ የሚታለፈው ብርድ ነው። ሃይፖተርሚያ፣ ማለትም የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ፣ ማሰብንና መፍረድን ስለሚያደክም፣ በደጋ አገር ዝናብ ለመታው ልጅ ከምግብ ይልቅ መጠለያና ደረቅ ልብስ ይቀድማሉ። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ሲችል ያለ ውኃ ግን ጥቂት ቀናት ብቻ እንደሚቆይም ልጁ ማወቅ አለበት። ወላጅም ልጁ ከመውጣቱ በፊት የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ሰዓት መናገርን እንዲለምድ ያድርግ፤ ፈላጊዎች የት መጀመር እንዳለባቸው የሚያውቁት ከዚያ ነው።