የእንግዳ ቤት የሚመሰገነው በአልጋውና በውሃው ነው

አዲስ አበባ የእንግዳ ከተማ ከሆነች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መመሥረቻ ከሆነች ወዲህ፣ ለስብሰባ፣ ለንግድና ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጣው ሰው በቦሌ በኩል ሲገባ ይኖራል። ስለዚህም ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በሆነው በአትላስ ሰፈር ብዙ ባለቤቶች ቤታቸውን በዕቃ አሟልተው ለቀናት ወይም ለሳምንታት ማከራየትን እንደ አንድ የንግድ ሥራ ይዘውታል። ይህ ሥራ ለሀገር የውጭ ምንዛሪ፣ ለነጋዴውም ገበያ የሚያስገኝ ስለሆነ ሊበረታታ የሚገባው ነው።

ነገር ግን የዕቃው አገዛዝ ብዙ ጊዜ ሥርዐት የጎደለው ነው። ባለቤቱ ተበድሮ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ገበያ ሲወጣ፣ አስቀድሞ የሚገዛው ጠርዙ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ሶፋ፣ ግድግዳ የሚሞላ ቴሌቪዥንና የመስተዋት ጠረጴዛ ነው። ለፍራሽ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያና ለብርድ ልብስ የሚቀረው ገንዘብ ጥቂት ይሆናል። እንግዳው ግን በሳሎኑ የሚቀመጠው ለአንድ ሰዓት ሲሆን፣ በአልጋው ላይ የሚያድረው ሌሊቱን ሙሉ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህም ሥራ ይስማማል።

በመጀመሪያ የአየሩን ጠባይ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ናት። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለገናና ለጥምቀት፣ የአፍሪካ ኅብረት ተሰብሳቢዎችም በየካቲት አካባቢ የሚመጡት፣ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ግን ብርዳም በሆነበት ወራት ነው። አፍሪካ ሁሉ ሞቃት መስሎት ስስ ልብስ ይዞ የመጣ እንግዳ፣ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ካገኘ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ለየአልጋው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ማዘጋጀት የቅንጦት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የውሃና የመብራት ጉዳይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማጠራቀሚያ በርሜልና የውሃ መግፊያ ሞተር የሌለው ቤት፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ የእንግዳ ቤት ሊባል አይችልም። የሀገራችን የመብራት ኃይል 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ ሰው የፀጉር ማድረቂያውን ሰክቶ ወዲያው ሊያቃጥለው ይችላል። ጥቂት የሶኬት መቀየሪያዎችን በመሳቢያ ማኖርና የቮልቱን መጠን በግልጽ ጽፎ መለጠፍ ዋጋው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው አንሶላና ፎጣ ነው። ለአንድ አልጋ ሦስት ሙሉ ቅያሪ ያስፈልጋል፤ ይኸውም አንዱ ከአልጋው ላይ፣ አንዱ በእጥበት፣ አንዱ በቁም ሣጥን እንዲሆን ነው። በክረምት ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ አራት ቢሆን ይመረጣል። ሁሉም ነጭ ቢሆን፣ አንዱ ሲያልቅ ተመሳሳዩን ለመተካት ያመቻል።

ባለቤቶች በበኩላቸው፣ እንግዳ ቤቱን የሚመርጠው በፎቶግራፍ ስለሆነ ማጌጡ ግድ ነው ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው። ሆኖም ፎቶግራፍ የሚያመጣው የመጀመሪያውን እንግዳ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያመጣው የመጀመሪያው እንግዳ ወሬ ነው። ለውበትም ቢሆን ሩቅ መሄድ አያሻም። የጅማ በርጩማ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች መጋረጃ፣ የመንዝ የበግ ጠጉር ምንጣፍ፣ ጀበናና ረከቦት ለቤቱ መልክ ይሰጡታል፤ እንግዳውም በሀገሩ የማያገኛቸው ናቸው።

ይህ ምክር ከሒሳብ አንጻርም የተደገፈ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ በሀገር ውስጥ አናጢ ሊሠራ ለሚችል ሶፋ ዶላር ማውጣት፣ ለውሃ መግፊያ ሞተርና ለውሃ ማሞቂያ የሚያስፈልገውን ምንዛሪ መሻማት ይሆናል።

ጥፋቱ የባለቤቶች ብቻ አይደለም። ማሞቂያውን አስመጥቶ መለዋወጫውን የማያስመጣ አስመጪ፣ ከፍራሹ ልክ የማይገጥም አንሶላ የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ የደንበኛውን ገንዘብ አንድ ጊዜ ያገኛል እንጂ ደንበኛውን አያገኝም። ፍራሹን፣ አንሶላውንና ብርድ ልብሱን በአንድ ልክ አዛምዶ የሚያቀርብ፣ የተሰበረውን የሚጠግን ሠራተኛ ያለው ነጋዴ ቢገኝ ግን፣ የአትላስ ባለቤቶች በየዓመቱ ወደ እርሱ መመለሳቸው አይቀርም። ወደ ውጭ ላኪውም ቢሆን ከዚህ የሚያተርፈው አለ፤ በእንግዳ ቤት ያየውን ጋቢና በርጩማ ወድዶ የሚጠይቅ እንግዳ፣ ነገ በሀገሩ ገዢ ሊሆን ይችላልና።

እንግዳ መቀበል ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠብና ከሁሉ የሚሻለው መኝታ ይነጠፍለት ነበር፤ ቤቱ እንዴት አጊጧል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ዋጋ የሚከፍለው እንግዳ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ሙቅ ውሃና ሞቅ ያለ መኝታ ነው።