ደመወዝተኞቹ ቀይ ካልሲዎች

ጨዋታ ሥራ ሊሆን ይችላልን? ኳስ ለመምታት ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው ሠራተኛ ነው ወይስ ሥራ ፈት? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ጎልቶ የተነሣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ነው። በዚያ ዓመት የሲንሲናቲ ከተማ የቤዝቦል ቡድን «ቀይ ካልሲ» ተጫዋቾቹን ሁሉ በይፋ በደመወዝ ቀጠረ። ከእርሱ በፊት እንዲህ ያደረገ ቡድን አልነበረም።

እስቲ የደመወዝ መዝገቡን እንግለጠው። ቡድኑን ያሠለጠነውና የመራው፣ ራሱም የሚጫወተው ሐሪ ራይት 1,200 ዶላር ተቆረጠለት። ታናሽ ወንድሙ ጆርጅ ግን 1,400 አገኘ። ታዛዡ ከአዛዡ በለጠ ማለት ነው! ጆርጅ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ቆሞ የሚያልፈውን ኳስ ሁሉ የሚቀልብ፣ በመምታትም የታወቀ ነበርና። ኳስ ወርዋሪው ኤሳ ብሬናርድ 1,100፣ የሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ፍሬድ ዋተርማን 1,000፣ ሌሎቹ አምስቱ እያንዳንዳቸው 800፣ ተጠባባቂው 600 ዶላር ተከፈላቸው። ከአሥሩ የከተማው ተወላጅ ቻርሊ ጉልድ ብቻ ነበር።

ውጤቱስ? በዚያ ዓመት 57 ግጥሚያ አድርገው 57ቱንም አሸነፉ። በ1870 ብሩክሊን ላይ 8 ለ 7 ሲረቱ ግን የተመልካቹ ፍቅር ቀዘቀዘ፤ ክለቡም ወጪው ከብዶት ቡድኑን በተነ።

ራይት ወንድማማቾች ወደ ቦስተን ሄዱ። ሐሪ እዚያ ያቋቋመው ቡድን ከ1872 እስከ 1875 ድረስ አራት ዓመት በተከታታይ የሻምፒዮንነቱን ማዕረግ ወሰደ። እንግዲህ ፍረድ አንባቢ፤ ተመልካች የሚያጨበጭበው ላሸነፈ ነው፤ ደመወዝ ግን ተጫዋቹ በየዕለቱ ለሚያፈስሰው ላብ የሚከፈል ነው። ላብ የፈሰሰበት ነገር ደግሞ ሥራ ካልተባለ ምን ይባላል?